ቬንገር ይፈርም ወይስ ይብቃው? (የመጋቢት 2017 ውይይት፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)

አወያይ፦ ሰላም የመድፈኞቹ የአርሰናል ቤተሰቦች። ቅዳሜ ዌስት ብሮም ሜዳ ላይ 3 ለ 1 ተሸነፍን፣ ካለፉት 5 የሊግ ጨዋታዎች 4ቱን መሸነፋችን ነው፣ ባየርንም ከሻምፒዮንስ ሊግ በደርሶ መልስ 10 ለ 2 አሰናብቶናል። የአሰልጣኛችን የቬንገር ኮንትራት ክረምት ላይ ያልቃል፣ ሰውየው "ውሳኔዬን አውቀዋለሁ፣ በቅርቡ ትሰማላችሁ" ብሏል። ይፈርም ወይስ ይሂድ? ስድብ የለም።

ሃይበሪ 49፦ ይሂድ። እኔ ቬንገርን ጠልቼ አይደለም፣ የ2004ቱን ያለሽንፈት ዋንጫ አይቼ ነው አርሰናል የሆንኩት። ግን የቅዳሜውን የዌስት ብሮሙን ተጫዋች የዶውሰንን ሁለት ጎል ደግማችሁ እዩት፣ ሁለቱም ከኮርና፣ ሁለቱም በቴስታ፣ አንዴ ካገባብን በኋላ እንኳን እሱን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ሰው የለም። ይሄ የልምምድ ሜዳ ስራ ነው እንጂ የብር ጉዳይ አይደለም። በ2011 ኦልድትራፎርድ ላይ በዩናይትድ 8 ለ 2፣ በ2014 ደግሞ 1000ኛ ጨዋታው ላይ በቼልሲ 6 ለ 0፣ ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ 7 ዓመት በተከታታይ ከ16ቱ ማለፍ አቃተን። ስንት ዓመት እንጠብቅ?

የአርሴ ልጅ፦ ወንድሜ ታሪኩን ከመሀል አትጀምረው። በ2006 ወደ ኤምሬትስ ስንገባ ስታዲየሙ 390 ሚሊዮን ፓውንድ ነው የፈጀው፣ ያንን እዳ የተሸከመው ማነው? ሄንሪ ሄደ፣ ፋብሪጋስና ናስሪ ሄዱ፣ ቫን ፐርሲ ይባስ ብሎ ዩናይትድ ገባ፣ ሰውየው ግን በየዓመቱ ከሊጉ የመጀመሪያ አራት ውስጥ አስገባን። በ2014 እና በ2015 ኤፍኤ ካፕ አመጣ፣ ዘንድሮም ግማሽ ፍጻሜ ደርሰናል። የዩናይትዱ አሰልጣኝ ፈርጉሰን በ2013 ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ትቶ ሲሄድ ዩናይትድ በዓመቱ 7ኛ ወጣ እኮ፣ የተካው ሞይስ ዓመቱን እንኳን አልጨረሰም። ያ እንዲመጣብን ነው የምትፈልገው?

ሃይበሪ 49፦ የእዳው ዘመን አልፏል። በ2013 ኦዚል በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ፣ በዓመቱ ሳንቼዝ። አምና ሲቲም ቼልሲም ዩናይትድም ተሰናክለው ሜዳው ለኛ ክፍት ነበር፣ ሌስተር በ10 ነጥብ በልጦን ወሰደው። ለዛ ምን ምክንያት አለህ?

ፒያሳ ጉነር፦ እኛ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት የባየርኑ መልስ ጨዋታ ላይ ዎልኮት ሲያገባ ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ ጨፍሯል፣ ኮሺየልኒ በቀይ ከወጣ በኋላ ግን አምስት ጎል ሲቆጠርብን ቤቱ ጸጥ አለ፣ አራተኛው ሲገባ ግማሹ ሂሳብ ከፍሎ ወጣ። ቅዳሜ ደግሞ በሰማይ ላይ አንዱ አውሮፕላን ይውጣ የሚል ጽሁፍ ሌላው እናምንሃለን የሚል እየጎተቱ ሲዞሩ አየን። ደጋፊ ለሁለት ተከፍሎ ቡድን አይጸናም። እኔ አልወሰንኩም፣ ያማል ግን።

የቦሌዋ፦ እናንተ ስለ ሰውየው ብቻ ነው የምታወሩት፣ የኔ ጥያቄ ቀጣዩን ማን ይመርጣል ነው። ምክትል ሊቀመንበሩ ዴቪድ ዲን በ2007 ከወጣ ወዲህ ክለቡ ውስጥ ኳስ አውቆ ቬንገርን የሚሞግት ሰው የለም፣ ግዢውም ደሞዙም ልምምዱም እሱ ጋ ነው፣ ትልቁ ባለድርሻ ክሮንኬ አሜሪካ ሆኖ ሂሳብ ነው የሚያየው። ዩናይትድን የጎዳው ፈርጉሰን መሄዱ ብቻ አይደለም፣ ዋና ስራ አስኪያጁ ዴቪድ ጊልም አብሮት በዛው ክረምት ወጣ፣ ቢሮውም ወንበሩም ባንዴ ባዶ ሆነ። ስለዚህ መጀመሪያ ስፖርት ዳይሬክተር ይቀጠር፣ ከዛ አሰልጣኝ ይቀየር፣ ይሄ ሁሉ ደግሞ ዘንድሮ ክረምት ማለቅ አለበት ምክንያቱም ሳንቼዝና ኦዚል በ2018 ኮንትራታቸው ያልቃል፣ አሰልጣኙን ሳያውቁ ማን ይፈርማል?

የአርሴ ልጅ፦ በዚህ እስማማለሁ እህቴ። ዳይሬክተር ይምጣ፣ ቬንገር አንድ ዓመት ጨምሮ ያስረክብ።

ሃይበሪ 49፦ አንድ ዓመት እኮ አምናም ካቻምናም ተብሏል። ዳይሬክተሩ ይምጣ፣ ጥሩ፣ ቬንገር ግን አሁኑኑ እሄዳለሁ ብሎ ይናገርና በኤፍኤ ካፑ ግማሽ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ ሲቲን እንግጠም፣ ተጫዋቹም ለሱ ይሞታል፣ ስታዲየሙም አንድ ይሆናል። አሰልጣኝ አሌግሪን ወይ ቱኸልን ደግሞ ከሚያዚያ ጀምሮ ማናገር ነው፣ ሰኔ ላይ ማንም አይጠብቀንም።