ሴራሚኩን ነቅሎ ጠፋብኝ፤ ሐዋሳ ያላችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የእናቴን መታጠቢያ ቤት ላሳድስ ብዬ ጣጣ ውስጥ ገባሁ። ቤቱ ታቦር ተራራ አካባቢ ነው። ሠራተኛውን ያመጣልኝ ደላላ ነው። በእጅ ዋጋ ተስማምተን ግማሹን በቴሌብር ላክሁለት። ሁለት ቀን መጣና የድሮውን ሴራሚክ ነቃቅሎ ሄደ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደላላውም "እኔ ማገናኘት ብቻ ነው" ይላል። የቧንቧው ጫፍ በፌስታል ታስሯል። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ጓሮ በባልዲ ትታጠባለች።

ጥፋቴን አውቃለሁ፤ ውል አልጻፍንም። በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውል ያፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። የኔ ብር ግን ቀብድ ነው ወይስ ቅድሚያ ክፍያ? በዚህ ተካሶ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ከሁሉ በላይ ግን ሠራተኛ እፈልጋለሁ። ራሳችሁ ቤት የሠራና ሥራውን ሄጄ የማየው ቢሆን ደስ ይለኛል። በተለይ ወለሉን ወደ ማፍሰሻው በደንብ የሚያዘነብል። ሲሚንቶውንና ሴራሚኩን እኔው እገዛለሁ። ክፍያው በየደረጃው ነው፤ የመጀመሪያው ቧንቧው ተዘርግቶ፣ ውሃ ተለቆ አለማፍሰሱ ሲታይ። ትናንት ለአንዱ ሠራተኛ ይህን ብነግረው "እንግዲያ ሌላ ፈልጊ" ብሎኝ ሄደ። አበዛሁት እንዴ?