ሉፕ (ደጋግሞ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ የቆጠርኩት ከዳን (ሉፑን ከሚዘጋው ቃል) በኋላ ዜሮ ይሆንብኛል፣ ድረሱልኝ

የፒያሳው ፎቶ ቤት፦ ሰላም ቤተሰብ፣ የጥምቀት ፎቶ ነው፣ ባሕረ ጥምቀቱ ላይ የተነሱት ሰዎች ነገ ጠዋት ሊወስዱ ይመጣሉ። የየደንበኛውን ፎልደር የሚቆጥር የባሽ (የተርሚናል ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ) ፈንክሽን አለኝ፣ ፋይል የሚፈልገውን ፋይንድን በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው) መስመር በመስመር ለሚያነበው ዋይል ሪድ ሉፕ እሰጥና ውስጡ ድምር የሚባል ቫሪያብል ላይ አንድ አንድ እጨምራለሁ። ኤኮ ሳደርገው (ስክሪን ላይ ሳወጣው) 1፣ 2፣ 3 እያለ 48 ይደርሳል፣ ከዳን ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ግን 0!! ስልክ ላይ ስለሆንኩ ኮዱን መለጠፍ አልቻልኩም

የአዘዞ ልጅ፦ ድምርን ሎካል በለው፣ የፈንክሽኑ የራሱ እንዲሆን

አራዳ፦ መጀመሪያ ስኮፕ (ቫሪያብል የት የት እንደሚታይ) ላይ እንግባባ። ባሽ ፈንክሽን ውስጥ የፈጠርከው ቫሪያብል ሎካል ካላልከው ግሎባል (ከፈንክሽኑ ውጭም የሚታይ) ነው፣ ፓይተን ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ሎካል ብትለውም ያ ፈንክሽን የሚጠራቸው ሌሎች ፈንክሽኖች ያዩታል ይቀይሩታልም፣ ዳይናሚክ ስኮፕ ማለት ይሄ ነው፣ ከሲ ቋንቋ የመጣ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ሎካል ማለትን ልመዱ።

የፒያሳው ፎቶ ቤት፦ እሺ እለምዳለሁ፣ ዜሮውስ?

ማራኪ፦ ፋይል ለመቁጠር ሉፕ ምን ያደርጋል? ፋይንድን መስመር ለሚቆጥረው ደብሊውሲ ሰረዝ ኤል ስጠው፣ አለቀ።

የፒያሳው ፎቶ ቤት፦ 10 በ15 እና 20 በ30 ዋጋቸው ስለሚለያይ ከፋይሉ ስም እያየሁ ለየብቻ ነው የምቆጥረው፣ ሉፑ የግድ ነው

የአዘዞ ልጅ፦ ሎካል ብለህ ሞከርከው ወይ? እኔ ጋ በሱ ነው የተስተካከለው

ቀሃ፦ ወንድማለም፣ ሎካሉን ተወው፣ የሚበላህ ፓይፑ ነው። ባሽ በፓይፕ የተያያዙትን በየራሳቸው ሰብሼል (ከዋናው የተቀዳ ሌላ ባሽ) ነው የሚያስኬዳቸው፣ ማለት ሉፑ የድምርን ግልባጭ ይዞ ሌላ ፕሮሰስ ውስጥ ይገባል፣ 48 የደረሰው ግልባጩ ነው፣ ዳን ላይ ፕሮሰሱ ከነ48ቱ ይሞታል፣ ዋናውን ማንም አልነካውም። ፋይንዱን ከፊት አንሳና ዳን < <(ፋይንድ ...) ብለህ ከኋላ አድርገው፣ ሉፑ ዋናው ባሽ ውስጥ ይቀራል፣ በሁለቱ ምልክት መሀል ያለችው ክፍተት እንዳትቀር። ወይም ስክሪፕቱ አናት ላይ ሾፕት ሰረዝ ኤስ ላስትፓይፕ በል፣ የፓይፑን የመጨረሻ ክፍል ዋናው ባሽ ውስጥ ያስኬደዋል፣ ከባሽ 4.2 ጀምሮ አለ። እሱን ግን ተርሚናል ላይ በእጅህ ብትሞክረው ጆብ ኮንትሮል (ተርሚናሉ ላይ ሥራዎችን የማቆሚያና የማስቀጠያው ዘዴ) ስላለ አይሠራም፣ አይሠራም ብለህ እንዳትተወው።

የፒያሳው ፎቶ ቤት፦ ሲንታክስ ኤረር፣ ሪዳይሬክሽን አንኤክስፔክትድ አለኝ!!!

ቀሃ፦ ኤስኤች ብለህ ነዋ የምታስኬደው። ኡቡንቱ ላይ ኤስኤች ባሽ አይደለም፣ ከ2006 ጀምሮ ዳሽ የሚባል ሌላ የትእዛዝ ማስኬጃ ነው፣ እሱ ይቺን አጻጻፍ አያውቃትም። ባሽ ብለህ አስኪደው።

ማራኪ፦ ዳሽ ሲባል ዳሽን ቢራ መሰለኝ 😄

ደንቢያ፦ እግረ መንገዴን ልጠይቅ፣ የቫሪያብሉን ስም ለፈንክሽን ሰጥቼ እዛው እንዲሞላልኝ ሎካል ሰረዝ ኤን (ቫሪያብሉን የሌላው ሪፈረንስ፣ ማለት አመልካች፣ የሚያደርገው) አልኩ፣ ሰርኩላር ኔም ሪፈረንስ ይለኛል

ቀሃ፦ ውስጥ ያለውም ስም ከውጭ የላክኸውም ስም ድምር ነው አይደል? ራሱን ነው የሚያመለክተው። የውስጡን ሌላ ማንም የማይጠቀምበት ስም ስጠው። ደግሞ ሰረዝ ኤን ከባሽ 4.3 በታች የለም፣ ማክ ይዞት የሚመጣው 3.2 ስለሆነ እዛ አትልፋ። ሰብሼል ውስጥ ከሆንክም ሪፈረንስ አያድንህም፣ የሚደርሰው ግልባጩ ጋ ነው።

ደንቢያ፦ ስሙን ቀይሬ ሠራ፣ እግዜር ይስጥህ

የአዘዞ ልጅ፦ ፎቶ ቤቱስ? ሰዎቹ መጡ? በባሽ አስኬድከው?