ክርክር፦ ለሰው ሠራሽ ጥርስ ፈንገስ መድኃኒት ይቅደም ወይስ በረኪና?

መነሻ ጥያቄ፦ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው አረጋውያን ላንቃቸው ሲቀላና ሲያቃጥላቸው ብዙ ጊዜ ኒስታቲን ወይም ፍሉኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። መቅደም ያለበት መድኃኒቱ ነው ወይስ የጥርሱ ጽዳት?

የጥርስ ሐኪም፦ ጽዳቱ ይቀድማል ባይ ነኝ። በቅርቡ ያየኋቸው እናት ኒስታቲን ለሦስተኛ ጊዜ ጨርሰው የመጡ ሲሆን፣ የላንቃቸው ቅላት በማኅተም የተመታ ይመስል የጥርሱን ጠርዝ ተከትሎ ያበቃ ነበር። ጥርሱን አውልቀው ሰጡኝና ከላንቃ የሚገጥመውን ገጽ በመሣሪያ ጫፍ ብፍቀው የሚያዳልጥ ነጭ ሽፋን ወጣ። ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ የሰፈረበት አክሪሊክ (ጥርሱ የተሠራበት ፕላስቲክ) አፍ ውስጥ እያደረ ላንቃን ብቻ ማከም ምን ይፈይዳል?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ያ ሽፋን ባዮፊልም ነው፤ ሕዋሳቱ ራሳቸው ባመነጩት ሙጫ መሰል ነገር ተያይዘው ይኖሩበታል። በሙጫው ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ ስኳር መሰል ንጥረ ነገር ፍሉኮናዞልን ይዞ ስለሚያስቀረው፣ ለብቻው የሚንሳፈፈውን ካንዲዳ የሚገታው መጠን እዚህ እምብዛም አይሠራም። ካስፖፈንጊንና ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ የተባሉት ሌሎች የፈንገስ መድኃኒቶች ይሻላሉ፤ ሆኖም በደም ሥር የሚሰጡ በመሆናቸው ለጥርስ ብሎ የሚያዛቸው የለም።

የመድኃኒት ባለሙያ፦ ሐሳቡን ብቀበልም «በረኪና ይጠቀሙ» ብሎ ማሰናበት ያሰጋኛል። በረኪና የጥርሱን ብረት ያዝጋል፣ ሮዝ አክሪሊኩን ያነጣል፤ ከሆምጣጤ ጋር የቀላቀለው ሰውም መርዛማ ጋዝ ይተነፍሳል። የስኳር ሕመምተኛ ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክመውን ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ሊፈልግ ይችላል።

የጥርስ ሐኪም፦ ልክ ብለዋል፤ ስለዚህ መመሪያው በቃል ሳይሆን ተጽፎ ይሰጥ። ብረት ለሌለው ጥርስ አንድ እጅ 5 በመቶ በረኪና በ9 እጅ ውኃ ይበረዛል፤ ጥርሱ አስቀድሞ በብሩሽና በሳሙና ይፈገፈጋል፣ ከ10 ደቂቃ ሳይበልጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያም በደንብ ይታጠባል። ቆሻሻው ካልተነሣ ክሎሪኑ በቆሻሻው ላይ ያልቃል። ፍሉኮናዞልም ቢሆን ከስጋት ነጻ አይደለም፤ የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስዱ አረጋውያን ሲጨመርላቸው ደም የመፍሰስ አደጋቸው ይጨምራል።

የመድኃኒት ባለሙያ፦ ብረት ላለውስ?

የጥርስ ሐኪም፦ ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ይዘፈዘፋል፤ ቀለም ቢተውም ብረቱን አይበላም። ኒስታቲን ከታዘዘ ግን ሁለቱ ሲገናኙ ስለሚዳከሙ፣ ጥርሱ ታጥቦ ሳይጠራ አፍ ውስጥ አይግባ።

የመድኃኒት ባለሙያ፦ ይህን እኛ ዘንድ ለገዢው የሚነግረው የለም። ከእንግዲህ ኒስታቲን ሲጠየቅ ጥርሱ ብረት እንዳለውና ሌሊት ይወልቅ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ የስኳር ሕመምተኛን በተመለከተ ግን አቋሜ ያው ነው።