ክርክር፦ «የአሳማ ሥጋ የለንም» ማለት ሐላል ነን ማለት ነው?

ሰሚራ (አወያይ)፦ አሰላሙ ዐለይኩም። የዛሬው ጥያቄ ይኸውላችሁ። የብዙ አገር ምግብ በሚሸጥበት ከተማ «ሐላል» ብሎ የለጠፈ ምግብ ቤት ሁሉ ሰርተፊኬት እንዲያወጣ በሕግ ይገደድ ወይስ የባለቤቱ ቃል ይበቃል? ስድብ የለም።

ከድር፦ ይገደድ! በር ላይ የሚለጠፈው የሚያወራው ስለ ሥጋው ብቻ ነው። ጃፓን ቤት ገብተህ ዶሮው የሙስሊም እርድ ነው ይሉሃል፤ ያጣፈጡበት ሚሪን ግን አልኮል አለው። ቻይና ቤት የሩዝ ወይን ሶሱ ውስጥ ይገባል። የሜክሲኮ ባቄላ ሥጋ የለውም ብለህ ታዛለህ፣ በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል። አስተናጋጁን ይህን ሁሉ ቆመህ ልትመረምረው ነው?

ሀያት፦ ወንድም ከድር፣ ዲኑን አታክብደው። በቡኻሪ የተዘገበውን ታውቀዋለህ፤ ሰዎች ሥጋ ያመጡልናል፣ የአላህ ስም ይጠራበት አይጠራበት አናውቅም ሲሏቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ቢስሚላህ በሉና ብሉ» ነው ያሉት። ደግሞ ሰርተፊኬት ገንዘብ ነው። ትልልቆቹ ይከፍላሉ፣ ባልና ሚስት የሚሠሩባት ትንሿ ቤት ትዘጋለች።

ከድር፦ ሐዲሱ ስለ እርድ ነው እህቴ፣ ስለ ወይን አይደለም።

ጀማል፦ ወይኑማ ሲበስል ይተናል።

ከድር፦ ሁሉም አይተንም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ ላይ 15 ደቂቃ ሲንተከተክ 40 በመቶው ይቀራል፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም 5 በመቶ አለ።

ነስሩ፦ እኔ ወጥ ቤት ነው የምሠራው፣ ልንገራችሁ። ሥጋው ላይ ብዙም ችግር የለም፤ ጉዱ ዘይቱ ላይ ነው። ማታ ሰው ሲበዛ ቤከን የወጣበት ዘይት ውስጥ ድንች ይገባል፣ ያው መቆንጠጫ ከአንዱ መጥበሻ ወደ ሌላው ይዞራል። ተቆጣጣሪ የሚመጣው ደግሞ ቀን፣ ቤቱ ጭር ሲል ነው።

ሀያት፦ ይኸው! ደግሞስ የማን ሰርተፊኬት ነው የሚገደደው? ብሪታኒያ ውስጥ የሐላል ሰርተፊኬት ከሚሰጡት ድርጅቶች ኤች ኤም ሲ እንስሳው ከመታረዱ በፊት እንዲደነዝዝ ጭራሽ አይቀበልም፤ ኤች ኤፍ ኤ ግን በድንዛዜው እስካልሞተ ድረስ ይቀበላል። ሁለቱም «ሐላል» ብለው ያትማሉ። መንግሥት ገብቶ በዑለማዎች መሀል ሊፈርድ ነው?

ነስሩ፦ ኢንዶኔዥያ በ2014 ያወጣችው ሕግ ሰርተፊኬቱን ግዴታ አድርጎታል። እኔ የወደድኩለት ግን ሌላውን አንቀጽ ነው፤ ሐላል ያልሆነ ምርት ሐላል አለመሆኑ ይጻፍበት ይላል። ሼፉ ስለ መዝሀብ፣ ስለ ሸሪዓ ሕግ ትምህርት ቤቶች ልዩነት፣ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ «ይህ ሶስ ወይን አለው፣ ይህ መጥበሻ የጋራ ነው» ብሎ ሜኑው ላይ ይጻፍ፣ የቀረውን እኔ ከኡስታዜ ጋር እጨርሳለሁ።

ሀያት፦ በዚህስ እስማማለሁ። ወጪውም ቀለም ብቻ ነው።

ከድር፦ እኔ አልስማማም። ዘይቱን የሚደብቅ ሰው ሜኑው ላይ እውነቱን ይጽፋል? ቅጣት ከሌለው ዋጋ የለውም።

ጀማል፦ ሽሪምፕስ ምን ሊጻፍበት ነው? የሐነፊ መዝሀብ ዑለማዎች ራሳቸው አልተስማሙበትም።

ሰሚራ፦ ጀማል፣ ሽሪምፑን ሌላ ቀን ለብቻው እንከፍተዋለን። አሁን ከድር ያነሳውን መልሱለት፤ ቅጣቱን የሚጥለው ማን ይሁን?