በልጆች የገና ባቡር ላይ የገና አባት ሆኜ ልሠራ ነው፤ ልምድ ያላችሁ ምክራችሁን ለግሱኝ

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለዘንድሮው ገና ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የልጆች መጫወቻ ሥፍራ፣ በጎማ በሚሄድ ትንሽ ባቡር ላይ የገና አባት ልብስ ለብሼ ሕፃናትን እንድቀበል ተቀጥሬያለሁ። በልምምዱ ቀን ወደ መጀመሪያው ፉርጎ ስገባ፣ ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ገና ስታየኝ በእናቷ ነጠላ ውስጥ ተሸሸገች፤ ላባብላት እጄን በዘረጋሁ ቁጥርም ለቅሶዋ እየባሰ ሄደ። ያ ለቅሶ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ልብሱ ደግሞ ለብርድ አገር የተሰፋ ስለሆነ ከግማሽ ሰዓት በላይ አያስቆምም። ሕፃናቱን ሳላስፈራ፣ እኔም በሙቀቱ ሳልጎዳ እንዴት ልሥራ?

የበዓል ተዋናይ፦
ወንድሜ፣ ስህተቱ እጅህን መዘርጋትህ ላይ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የሰውን ሐሳብ የሚያነበው ከፊት ላይ ነው፤ ጢሙና ቆቡ ፊትህን ስለሚሸፍኑበት ማን እንደሆንክ ማወቅ ያቅተዋል። ስለዚህ ሁለት እርምጃ ርቀህ ተንበርከክ፤ የፈራውን ልጅ ትኩር ብለህ ሳታይ ከታላቅ እህቱ ወይም ከእናቱ ጋር በለሰለሰ ድምፅ ተጫወት። ልጁ በራሱ ጊዜ ከመጣ መልካም፣ ካልመጣም ግድ የለም፣ ባቡሩን ብቻ ተደስቶበት ይውረድ።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ስለሆነች በታኅሣሥም ቢሆን የከሰዓቷ ፀሐይ ቀላል አይደለችም። ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ ልበስ፤ በየ20 ደቂቃው ልጆች በማያዩህ ቦታ ቆቡንና ጢሙን አውልቀህ ውኃ ጠጣ። ጢሙ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ከሆነ ላብ ስለሚያላቅቀው በላስቲክ የሚታሰር ይሁን። ባቡሩ እየሄደ ፈጽሞ አትቁም። እኔ አንድ ጊዜ ጭንቅላት ድረስ የሚሸፍን የአሻንጉሊት ልብስ ለብሼ፣ በአፉ ቀዳዳ ብቻ እያየሁ ስወርድ ደረጃውን ስቼ ጉልበቴን ተጎድቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ክርኔን የሚይዝ ረዳት ሳይኖር ከቦታዬ አልነቃነቅም።

እናት ከሳቢያን፦
ልጄ፣ እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ልጆቼ ግን ባቡሩን ስለሚወዱ በየዓመቱ እንወስዳቸዋለን። የሁሉም ቤት ልጅ እንደሚሳፈር አስበህ፣ ከአማርኛው ሌላ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ»፣ በሶማልኛ «ነበድ» ብትል የልጆቹ ፊት ሲበራ ታያለህ። አደራህን፣ «የምትፈልገውን ስጦታ አመጣልሃለሁ» ብለህ ቃል አትግባ፤ እኔ ያንን ቃል መፈጸም ተስኖኝ ልጄ ለቀናት አኩርፎብኛል። ፎቶ ከመነሳትህ በፊትም ወላጅን ጠይቅ።

የባቡር ሠራተኛ ልጅ፦
የምትተርከው ነገር ካስፈለገህ ከበረዶው ተረት ይልቅ የራሳችንን ንገራቸው። ከጅቡቲ የተነሳው ምድር ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ስለደረሰ ይህች ከተማ ተቆረቆረች፤ አያቶቻቸው የሚያስታውሱትን የባቡር ፉጨት ለልጆቹ ማሰማት ትችላለህ። በገና ቀን ወጣቶች በተቆለመመ ዱላ ሩር እየመቱ እንደሚጫወቱ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንደሚባልም አክልበት። የገና አባትም ቢሆን መነሻው በ4ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ቱርክ ውስጥ ባለችው በሜራ ከተማ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነውና፣ ትልልቆቹ ልጆች ማን እንደሆንክ ሲጠይቁህ በእውነት የምትመልሰው አለህ።

የከዚራ ልጅ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጢሙን በላስቲክ አስቀይሬያለሁ። ረዳት ግን ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል ተብሎ ተከልክያለሁ።

የበዓል ተዋናይ፦
እንግዲያውስ ትኬት ከሚቆርጠው ልጅ ጋር ተስማማ። ባቡሩ ሙሉ በሙሉ ሲቆም መጥቶ ክርንህን ይዞ ያውርድህ፤ እርሱ ሳይመጣ ከመቀመጫህ አትነሳ።