ልጆችን ቅርጫት ኳስ ላሰልጥን የሚል ሰው «ለምን ፈለግክ?» ተብሎ ይጠየቅ?

አወያይ፦ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ቅርጫት ኳስ ከሚያሰለጥኑት ብዙዎቹ ያለ ክፍያ፣ በበጎ ፈቃድ የመጡ ናቸው። ቡድን ከመረከባቸው በፊት «ለምን ፈለግክ?» ተብለው ይጠየቁ? ወይስ ፈቃደኛ በጠፋበት ሰዓት እንዲህ ያለ ጥያቄ ያሉትንም ያሸሻል? ሐሳብ ስጡ። ስድብ ክልክል ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ይጠየቅ እንጂ! ልጄን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለማላውቀው ሰው ነው የምሰጠው። ልጆች መሀል መዋል የሚፈልግ ሁሉ ለልጆች አስቦ አይመጣም። ያለፈ ታሪኩ ይጣራ። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ዝግ ክፍል ውስጥ ብቻውን እንዳይሆን ደንብ ይውጣ። በጎ ፈቃደኛ ነውና አናስቀይመው የሚባል ነገር አይገባኝም። የሚቀየም ሰው ይቅርብን።

አባትና አሰልጣኝ፦ እህቴ፣ በማጣራቱ ላይ መቶ በመቶ ካንቺ ጋር ነኝ። እኔም ተጣርቼ ነው የገባሁት። ግን ያለፈ ታሪክን ማጣራት ሌላ፣ የሰውን ልብ መመርመር ሌላ። እኔ የገባሁት የልጄ ቡድን አሰልጣኝ አጥቶ ሊበተን ሲል ነው። ወላጆች ተሰብስበን ሁሉም መሬት መሬቱን ሲያይ እጄን አወጣሁ። ራእይ ምናምን አልነበረኝም። «ሌላ ሰው ስለጠፋ» ብዬ ብመልስ ቡድኑን ትከለክሉኝ ነበር? ዛሬ ግን ልጄ ወደ ሌላ ስፖርት ሄዳለች፣ እኔ አሁንም እዚያው ነኝ። ድሪብል ሲያደርግ (ኳሱን እያነጠረ ሲሄድ) ዓይኑን ከኳሱ ማንሳት ያቃተው ልጅ አንድ ቀን ቀና ብሎ ለጓደኛው ሲያቀብል ማየት ሱስ ያስይዛል። የመጣሁበት ምክንያትና የቆየሁበት ምክንያት አይገናኙም። የቱን ልትጠይቁኝ ነው?

የቀድሞ ተጫዋች፦ አንተ ጥሩ ሰው ትመስላለህ። ሁሉም እንዳንተ አይደለም። እኔን ያሰለጠነኝ ሰው ራሱ ያልደረሰበትን ደረጃ በኛ ሊደርስበት የመጣ ነበር። አስር ዓመት ያልሞላን ልጆች ስንሸነፍ አያናግረንም። ረዘም ያልነው አምስታችን ጨዋታውን እንጨርሳለን፣ ሌሎቹ ማልያ ለብሰው ይቀመጣሉ። ከተቀመጡት አንዱ የቅርብ ጓደኛዬ ነበር። ከኔ የበለጠ ቅርጫት ኳስ ይወድ ነበር። ተወው፣ ተመልሶም አልነካው። እንዲህ ያለው ሰው በር ላይ ቢጠየቅ ኖሮ ይታወቅ ነበር እላለሁ።

ተከፋይ አሰልጣኝ፦ አይታወቅም። «ልጆች ስለምወድ» ይልና ያልፋል። ሁላችንም የምንለው እሱን ነው። ደግሞ ገንዘብን እንደ ኃጢአት የሚያዩ ሰዎች እዚህ እንዳሉ ይገባኛል። እኔ ይከፈለኛል፣ በሥራዬም አላፍርም። የሚከፈለው ሰው ቢያጠፋ ይባረራል። በነጻ የሚሠራውን ግን ማንም ደፍሮ አይናገረውም።

የስፖርት መምህርት፦ የመጨረሻዋ ነጥብህ እውነት አላት። በነጻ ነው የሚሠራው እየተባለ ብዙ ነገር ታልፏል። ስለ ምክንያት ግን ከጨዋታው አጀማመር ልነሳ። ጄምስ ኔይስሚዝ ቅርጫት ኳስን እ.ኤ.አ. በ1891 በስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ሲፈጥር የታዘዘው በክረምት ቤት ውስጥ ተዘግተው ያስቸገሩ ተማሪዎችን የሚይዝ ጨዋታ እንዲያመጣ ነበር። የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) መምህር ነበር። በሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫትና በ13 ሕጎች ጀመረ። ኋላ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ሲያሰለጥን 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸነፈ። በዩኒቨርሲቲው የወንዶች ቅርጫት ኳስ ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛ አሰልጣኝ እሱ ብቻ ነው። ጨዋታውን የፈጠረው ሰው በውጤት ቢለካ ዛሬ የልጆች ቡድን የሚሰጠው ይኖር ይሆን?

ቢሆንም ጥያቄው በር ላይ ይቅር ባይ ነኝ። ሰው ለምን እንደመጣ ራሱም አጥርቶ አያውቀውም። ከመጠየቅ ይልቅ ማስተማር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። የተሠራው በልጆች ቤዝቦል ላይ ነው፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ከውድድር ዘመኑ በፊት የተወሰኑ አሰልጣኞች አጭር ሥልጠና ወሰዱ። ልጅን እንዴት ማበረታታት፣ ሲሳሳት ሳይሰድቡ እንዴት ማረም እንደሚቻል ተማሩ። በሚቀጥለው ዓመት ከነሱ ልጆች ስፖርቱን የተዉት 5 በመቶ ያህል ነበሩ። ሥልጠናውን ካልወሰዱት አሰልጣኞች ልጆች ግን 26 በመቶ ቀሩ። በማሸነፍና በመሸነፍ በሁለቱ መሀል ልዩነት አልነበረም። ልጆቹ የቀሩት ስለተሸነፉ አይደለም ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። የቀድሞ ተጫዋች፣ የጓደኛህ ነገር እዚህ ውስጥ አለ።

የቀድሞ ተጫዋች፦ ሥልጠና ቢሰጠውስ? ዋንጫ ብቻ የሚታየው ሰው ተቀምጦ ሰምቶ ወጥቶ ያንኑ ይሠራል።

ዳኛ፦ እኔ የልጆች ጨዋታ ነው የምዳኘው። አሰልጣኙ ለምን እንደመጣ ለማወቅ አፉን መስማት አያስፈልገኝም። መከላከያውን አያለሁ። ትንንሽ ልጆች ከሩቅ ወርውረው ማስገባት አይችሉም፤ ጉልበቱ የላቸውም። ስለዚህ አምስቱን ልጆች ከቀለበቱ ሥር ሰብስቦ ዞን ያስይዛቸዋል፤ እያንዳንዱ ልጅ ሰው ሳይሆን ቦታ ይጠብቃል ማለት ነው። ተጋጣሚው መግቢያ ያጣል። ቡድኑ ያሸንፋል፣ ወላጅ ያጨበጭባል። ልጆቹ ግን ሰው መያዝ፣ እግር ማንቀሳቀስ፣ ከኳስ ርቀው ማየት አልተማሩም። አድገው ሲመጡ ባዶ ናቸው። የአሜሪካው የፕሮፌሽናል ሊግ ኤንቢኤና የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት የወጣቶች መመሪያ እስከ 11 ዓመት ላሉት ሰው በሰው መከላከልን ነው የመከረው። በዚያ ዕድሜ ሁሉም ልጅ እኩል ደቂቃ እንዲጫወትም መክሯል። ቀለበቱ ራሱ ለትንንሾቹ ዝቅ ይላል። በሚኒ ባስኬትቦል፣ ማለትም በትንንሽ ልጆች ቅርጫት ኳስ፣ ከፍታው 2.60 ሜትር ነው፣ የአዋቂው 3.05 ነው።

እነዚህ ደንብ ይሁኑ። ዞን ክልክል፣ ደቂቃ እኩል። ለዋንጫ ብቻ የመጣ ሰው ያኔ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ማንም ማባረር የለበትም።

አባትና አሰልጣኝ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን እኩል ደቂቃ ሲባል ከወላጅ ጭቅጭቅ ማን ያድነኛል? ባለፈው አንድ አባት «ልጄ ጎበዝ ሆኖ ሳለ ለምን ታስወጣዋለህ» ብሎ ቁም ስቅሌን አሳይቶኛል። አሰልጣኙን ለምን መጣህ ካላችሁ፣ ወላጁንስ ለምን ልጅህን አመጣህ አትሉትም?

የሁለት ልጆች እናት፦ እውነትህን ነው፣ ወላጆችም እንጠየቅ። እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። ግን ደቂቃውን ማን ይቆጥራል? አሰልጣኙ ራሱ ከሆነ ዋጋ የለውም።

ዳኛ፦ የውጤት መዝጋቢው ጠረጴዛ ይቁጠረው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለውን እዚያ መጻፍ ከባድ አይደለም። በየሩቡ ጨዋታ መጨረሻ ለሁለቱም አሰልጣኞች ይነገር፤ ከጨዋታው በኋላ ወረቀቱ ለወላጅ ክፍት ይሁን።

ተከፋይ አሰልጣኝ፦ ወረቀቱ ለወላጅ ከተከፈተ በማግስቱ ስልኬ አያርፍም። ቢሆንም እቀበለዋለሁ። አንድ ነገር ይጨመርበት። ልምምድ ላይ የማይመጣ ልጅና የሚመጣ ልጅ እኩል ደቂቃ ካገኙ የሚመጣው ይጎዳል።

የስፖርት መምህርት፦ የአስር ዓመት ልጅ ልምምድ የሚቀረው የሚያመጣው ሰው ስላጣ ነው። ቅጣቱ ለምን በሱ ላይ ይውደቅ?

ተከፋይ አሰልጣኝ፦ እሺ፣ ከ12 በታች ላሉት ይቅር። ከዚያ በላይ ግን አልስማማም።

የቀድሞ ተጫዋች፦ እኔ አሁንም በር ላይ ይጠየቅ ባይ ነኝ። መዋሸት ይችላል፣ ይዋሽ። ቢያንስ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ዓይኑን እያየ «ደካማውን ልጅ ምን ልታደርገው ነው?» ብሎት ይግባ። እኛን ያሰለጠነውን ሰው ይህን የጠየቀው አልነበረም።