ጥያቄ፦ መብራት በሚጠፋበት ቤት ለዓሣ ገንዳ የትኛው ማጣሪያ ይሻላል? (ደሴ)

የሆጤዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ሆጤ ነው ቤቴ። ልጆቼ ሲነዘንዙኝ መስታወት ቤት ሄጄ የዓሣ ገንዳ አሠራሁ። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ነው። አራት ጎልድፊሽ ከአዲስ አበባ መጡልኝ። በአራተኛው ቀን ውሃው ሩዝ የታጠበበት መሰለ። ደንግጬ ዓሣዎቹን ባልዲ ውስጥ አደረግሁና ጠጠሩንም፣ ስፖንጁንም፣ ገንዳውንም በበረኪና ፈትጌ አጠብኩ። ከዚያ ከቧንቧ ቀጥታ ሞላሁት። በማግስቱ ሁለቱ ሞቱ። ትንሹ ልጄ ካልቀበርናቸው ብሎ ጓሮ ሲቆፍር ዋለ።

ሻጩ «ማጣሪያሽ አንሶ ነው» ብሎ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። አንዱ ከገንዳው ጀርባ የሚንጠለጠል ነው። ሌላው ካኒስተር የሚሉት፣ ከሥር የሚቀመጥ ባለ ቱቦ ሣጥን ነው። የዋጋቸው ልዩነት ሰማይና ምድር። መብራት እንደምታውቁት ነው፣ ውሃም በፈረቃ ነው የሚመጣልን። የቱን ልግዛ?

ፒያሳ ጥግ፦
ካኒስተር ግዢ እህቴ፣ አትቆጥቢ። አዲስ አበባ ሳለሁ ነበረኝ። ውሃው ያለ አይመስልም፣ ዓሣዎቹ አየር ላይ የሚንሳፈፉ ነው የሚመስሉት። ድምፅም የለውም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ኧረ ቀስ! ካኒስተር ጥሩ ዕቃ ነው፣ መብራት ካለ። ውሃውን የሚያጸዱት ውስጡ የሚባዙት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ሣጥኑ ዝግ ስለሆነ ውሃው መዞር ሲያቆም በጥቂት ሰዓት ውስጥ መሞት ይጀምራሉ። እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ማታ የጠፋ መብራት በማግስቱ ከሰዓት መጣ። ሥራ ላይ ነበርኩ። ቤት ስገባ ሳሎኑ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሣጥኑ ውስጥ ያደረውን ግም ውሃ እንዳለ ገንዳው ውስጥ ተፍቶት ነበር። ከሰባት ዓሣ አንድ ተረፈ።

ካኒስተር ያለው ሰው፣ መብራት ብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅሎ የሣጥኑን ውሃ ይድፋው።

ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለውም የራሱ ጣጣ አለው። አንዳንዱ መብራት ሲመጣ ውሃ መሳብ ያቅተውና ደረቁን ሲያጉረመርም ሞተሩ ይቃጠላል።

እኔ አሁን የምጠቀመው በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ነው። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። ፓምፑ አየር ይነፋል፣ አረፋው ሲወጣ ውሃውን በስፖንጁ ውስጥ ይስበዋል። በቃ። መብራት ቢጠፋም ስፖንጁ ክፍት ውሃ ውስጥ ስለሆነ ባክቴሪያው ቶሎ አይታፈንም። በዩኤስቢ የሚሠራ ፓምፕ ካገኘሽ ደግሞ ፓወር ባንክ ላይ ትሰኪዋለሽ።

የባዮሎጂ መምህር፦
በስፖንጁ እስማማለሁ። ግን የእህቴ ችግር የማጣሪያ ማነስ ብቻ አይደለም።

ገንዳው እስከ 36 ሳንቲ ከተሞላ 80 በ35 በ36፣ ወደ 100 ሊትር ነው። የማጣሪያ አቅም ሲመረጥ ውሃው በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ እንዲዞር ይታሰባል። ስለዚህ በሰዓት ከ400 እስከ 600 ሊትር። ጎልድፊሽ ቆሻሻው ብዙ ስለሆነ ወደ ላይኛው መጠጋት ነው። አንድ ትልቅ ስፖንጅ ከሚሆን ሁለት መካከለኛ፣ በሁለቱ ጫፍ።

አሁን ወደ ነጣው ውሃ። ዓሣ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይራል፣ ይህ በብዙ ካልተጠራቀመ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪደላደሉ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በአዲስ ገንዳ ውሃው መንጣቱ የተለመደ ነው፣ ቢተዉት በራሱ ይጠራል። በረኪናው ግን የጀመረውን ሁሉ ጨረሰው። ከዚያ ላይ ትኩስ ክሎሪን ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ተጨመረ። ሁለቱ መትረፋቸው ይገርመኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። ባህር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እኛ ከፍታ ላይ ግን ወደ 7 ይወርዳል። እዚህ አረፋ ለጌጥ አይደለም።

የሆጤዋ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ። በረኪናውን ሲያነሱት አፈርኩ፣ ንጽሕና መስሎኝ እኮ ነው። 6 ሳምንት ግን ልጆቹን ምን ልበላቸው? ደግሞ ሁለቱን የተረፉትን የት ላድርጋቸው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ። እንጀራ ስትጋግሪ እርሾ ከየት ታመጫለሽ? ካለቀብሽ ከጎረቤት አይደል? ይኸም እንደዚያው ነው። ገንዳዬ ውስጥ ዓመት የሠራ ስፖንጅ አለ፣ አንዱን እልክልሻለሁ። እርጥብ ሆኖ አየር ካገኘ ሌላ ነገር አይፈልግም። በፌስታል፣ ትንሽ የገንዳ ውሃና ብዙ አየር አድርጌ በሚኒባስ እሰደዋለሁ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ እስኪገባ ባክቴሪያው አይሞትም። እንደደረሰ ዓሣዎቹ ያሉበት ውስጥ ክተቺው። መጀመሪያ አካባቢ በየሁለት ቀኑ ሩብ ያህል ውሃ ቀይሪ፣ ምግብም ቆንጥሪ።

ፓምፑን ከውሃው በላይ አስቀምጪ። ከታች ካደረግሽው መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወለሉ ላይ። ከፍ ያለ ቦታ ከሌለሽ ቱቦው ላይ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ) አስገቢ፣ ትንሽ ነገር ነው።

ጦሳ ሥር፦
እትዬ፣ እኔም ትንሽ ልበል። የቧንቧውን ውሃ ባልዲ ላይ ክፍት አድርገው አንድ ቀን ያሳድሩት፣ ክሎሪኑ ይወጣለታል። ቤት ውስጥ ካደረ ቅዝቃዜውም ይሰበራል። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመቀው፣ ቧንቧ ሥር እንዳያጥቡት። ሁለቱንም ስፖንጅ በአንድ ቀን አይጠቡ። ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ለጎልድፊሽ አያስፈልግም፣ የኅዳር ብርድም ቢሆን ቤት ውስጥ ይችሉታል። ጉፒ የሚባለውን ሙቅ ውሃ የሚወድ ትንሽ ዓሣ ካመጡ ግን ግድ ነው። ሌላ ጎልድፊሽ ደግሞ አይጨምሩ፣ 100 ሊትር ለሁለቱ ልክ ነው፣ ሲያድጉ ያዩታል። የእንጀራ ፍርፋሪ የሚጥል ልጅ ካለም ይቆጡልኝ።

ፒያሳ ጥግ፦
እሺ፣ ተረታሁ። ግን የስፖንጅ ፓምፕ እንደ ንብ ይላል፣ መኝታ ቤት እንዳታስቀምጪው። ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አድርጊ።

የሆጤዋ፦
ስፖንጁ ደረሰ! ሾፌሩ ፌስታሉን አንጠልጥሎ «ይኼ ጭቃ ነው የታክሲ ሂሳብ የተከፈለበት?» አለኝ። ፓምፑ ቡፌው ላይ፣ ፎጣ ላይ ተቀምጧል። ፍርፋሪ የሚጥለውም ተገኝቷል፣ ቀባሪው ራሱ ነው።